«ነፍስ ይማር» ማለት አቃተኝ፤ ስለ ዘላለም ቅጣት ከልባችሁ የምትመልሱልኝ አላችሁ?

ሰላማዊት ከሐዋሳ | መጋቢት 7፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

የእናቴ ወንድም ካረፈ 23 ቀኑ ነው። አባቴ ሲሞት የ6 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ደብተሬንም፣ ጫማዬንም፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬንም የቻለው እሱ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። በሰፈራችን ዩኒፎርም መግዛት ላልቻለ ልጅ ከትርፍራፊ ጨርቅ እየገጣጠመ ይሰፋለታል፣ ለማንም ግን አያወራም። የተጠመቀ ኦርቶዶክስ ነው። ትልቁ ልጁ ከሞተበት ጊዜ ጀምሮ ግን ደጀ ሰላም አልረገጠም። «ከእግዜር ጋር ተኳርፈናል» ይል ነበር። እኔ ጌታን ከተቀበልኩ 11 ዓመቴ ነው፤ ስንት ጊዜ መሰከርኩለት። ያዳምጠኛል፣ ሻይ ያፈላልኛል፣ «በርቺ ልጄ» ይለኛል፣ በዚያው ያበቃል።

ልቅሶው ላይ ሊያጽናኑን ከመጡት የእኔ ወገኖች አንዱ አገልጋይ ቆሞ፣ እናቴ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ሟቹ አሁን ንስሐ ልግባ ቢል ጊዜው አልፎበታል፤ በእሳት ውስጥ ሆኖ እናንተን ያስጠነቅቃል» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም። ሌሊት ተነስታ ጨለማው ውስጥ ትቀመጣለች። ትናንት ብርድ ልብስ ላለብሳት ስል ምን አለችኝ? «ወንድሜ እየተቃጠለ እኔ እንዴት ይሞቀኛል?»

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሰው 71 ዓመት ኖሮ ለበደለው ፍጻሜ የሌለው ቅጣት ፍትሕ የሚሆነው እንዴት ነው? እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ እንዲድኑ ይወዳል ይላል፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፡4። የሚወደውን ማድረግ ያቃተዋል? ነፃ ፈቃድ ትሉኛላችሁ፤ ግን እንደማይመለስ አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ለምን ፈጠረው?

በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲል የእኔ አፍ አልተከፈተም። ከሞት በኋላ ምሕረት የለም ብለው ስላስተማሩኝ ይህን ቃል ከተውኩት 11 ዓመት ሆኖኛል። ጥቅስ ብቻ ወርውራችሁልኝ አትሂዱ፣ እባካችሁ።

ቃለአብ | መጋቢት 7፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በመጀመሪያ፣ ያ ሰው ያደረገው ስሕተት ነው። የወንጌል አገልጋይ ሆኖ የአንድን ሰው የመጨረሻ ሰዓት እንደሚያውቅ አድርጎ መናገር ድፍረት ነው። በቀራንዮ ያለው ወንበዴ በየትኛው ደቂቃ እንደዳነ አስቢ።

ትምህርቱን ግን ለማጽናናት ብዬ አልሸፍንብሽም። ማቴዎስ 25፡46 «እነዚያም ወደ ዘላለም ቅጣት፥ ጻድቃን ግን ወደ ዘላለም ሕይወት ይሄዳሉ» ይላል። አንዱ «ዘላለም» ለሕይወቱም ለቅጣቱም ነው የገባው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት የተከራከረው በዚሁ ነው፤ ቅጣቱን ካሳጠርን ሕይወቱንም ልናሳጥር ነው አለ። የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት የሚቀበሉት የ1530ው (እ.ኤ.አ.) የአውግስበርግ የእምነት መግለጫም በ17ኛው አንቀጽ የኩነኔ ቅጣት ያበቃል የሚለውን ትምህርት በግልጽ ይነቅፋል። መካነ ኢየሱስ የሚከተለው ይህንኑ ነው።

ስለ ፍትሑ ደግሞ፣ የበደል ክብደት የሚለካው በፈጀው ጊዜ አይደለም፣ በተበደለው ማንነት ጭምር ነው። ግድያ በአንድ ደቂቃ ያልቃል፣ ቅጣቱ ግን የአንድ ደቂቃ አይደለም። ጎረቤቱን በጥፊ የመታና እናቱን በጥፊ የመታ እኩል አይታዩም። እግዚአብሔር ክብሩ ወሰን የለውም፣ እሱን መናቅም ወሰን የለውም። አንሰልም የተባለው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በ11ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው በዚህ መንገድ ነው፤ እኔም እስካሁን ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። እንቅልፍ የሚሰጥ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የወንጂዋ | መጋቢት 7፣ ከምሽቱ 4፡31

ነፍሳቸውን ይማር። ለድሃ ልጅ ልብስ ያለበሰ ሰው ነው። «ታርዤ አልብሳችሁኛልና» የሚለውም እኮ እዚያው ማቴዎስ 25 ላይ ነው። ሰው ለምን ቁጥር 46ን ብቻ ያነብባል?

ዲያቆን ወልደ ሥላሴ | መጋቢት 8፣ ከጠዋቱ 1፡40

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ለእናትሽም ብርታቱን ይስጣት። ትናንት በስቲያ ደብረ ዘይት ነበር፤ በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ስለ ዳግም ምጽአት ስናስተምር ነው የዋልነው። ጥያቄሽን ያነበብኩት ያ ስብከት ከአፌ ሳይወርድ ነው።

ሰባኪው በራሱ በመጽሐፉ መንገድ እንኳ ቢሄድ ተሳስቷል። ሲኦልና ገሃነም አንድ አይደሉም። ገሃነመ እሳት ከትንሣኤ ሙታን በኋላ፣ ዳኛው በዙፋኑ ተቀምጦ ከፈረደ በኋላ የሚገባበት ነው። ዛሬ ማንም ገሃነም ውስጥ የለም። ነፍሳት በገነት ወይም በሲኦል ሆነው ያን ቀን ይጠብቃሉ። በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 22 መልአኩ ሩፋኤል ለሄኖክ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸውን ቦታዎች ያሳየዋል፤ ቦታዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ በግፍ ተገድሎ የሚጮኸው የአቤል ነፍስም እዚያ ይሰማል። እንግዲህ ችሎቱ ገና አልተሰየመም። ዳኛው ሳይቀመጥ ፍርድ ማንበብ የማን ሥልጣን ነው?

ፍትሐት የምናደርገው፣ ሣልስት ብለን ሰባት ብለን አርባ የምናወጣው ለዚህ ነው። ሟቹ በራሱ ንስሐ መግባት አይችልም፣ ይህ እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ስለ እርሱ መለመኗን አታቋርጥም። ውጤቱ የእግዚአብሔር ነው። ልመናው ዋጋ ባይኖረው ኖሮ አባቶቻችን በየቅዳሴው ሙታንን ባላሰቡ ነበር።

ስለ ፈቃድ ሲራክ በምዕራፍ 15 እንዲህ ብሎናል፤ እሳትና ውኃ በፊትህ አኖረልህ፣ ወደ ወደድከው እጅህን ስደድ። እግዚአብሔር እጃችንን ይዞ እሳቱ ውስጥ አይከተንም፣ እጃችንን ይዞ ውኃ ውስጥም አይነክረንም። ሰው ሰው የሆነው ለዚህ ነው። ገሃነም መጨረሻ የለውም የሚለውን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፣ እኔም አምናለሁ። ማን እንደሚገባበት ግን በስም አታስተምርም።

ቃለአብ | መጋቢት 8፣ ከጠዋቱ 2፡15

ዲያቆን፣ ስለ ሲኦልና ገሃነም ያልከው በሥርዓት የተቀመጠ ነው፣ ተቀብያለሁ። ዕብራውያን 9፡27 ግን ለሰው አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያም ፍርድ ተመድቦበታል ይላል። አልዓዛርን በደጁ የተወው ባለጠጋም፣ እናንተ ነዌ የምትሉት፣ ከፍርድ ቀን በፊት ነው እየተሠቃየ ያለው፤ በመካከል ያለውን ገደልም የሚሻገር የለም። ስለ ሙታን መጸለይ ይህን ገደል እንዴት ይሻገራል?

ዲያቆን ወልደ ሥላሴ | መጋቢት 8፣ ከጠዋቱ 2፡50

ገደሉን እኛ አንሻገረውም ወንድሜ። ወደ ሲኦል ወርዶ በወኅኒ ላሉት ነፍሳት የሰበከው ግን ተሻግሮታል፣ 1ኛ ጴጥሮስ 3፡19። የምንለምነው እርሱን ነው።

ጠበቃ ከመገናኛ | መጋቢት 8፣ ከቀኑ 7፡10

በሙያዬ የወንጀል ጠበቃ ነኝ፤ የቃለአብን ንጽጽር ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። የተበደለው ሰው ክብር ከፍ ባለ ቁጥር ቅጣቱ ይክበድ የሚለው የድሮ የመሳፍንት ሕግ ነው። የባላባት ደምና የገበሬ ደም ዋጋው የሚለያይበት። ዛሬ ያንን ፍትሕ አንለውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን የቅጣትን ዓላማ ሲናገር ወንጀለኛው እንዲታረም ማድረግን ጭምር ይጠቅሳል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው እንኳ 20 ዓመት ከታሰረና ጠባዩ ከተለወጠ በአመክሮ የሚፈታበት በር አለው። እኛ ክፉዎች ሆነን ሳለን በር ከተውን፣ የሰማዩ አባት በሩን ለዘላለም ይዘጋል ብዬ ማመን ይከብደኛል። መታረምም መካስም የሌለበት፣ ማስተማሪያም የማይሆን ቅጣት ምን ይባላል? እኔ በችሎት ፊት «በቀል» ብዬ ነው የምከራከረው።

ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ዲያቆኑን አከብራለሁ። ግን ይህ ጥያቄ ከሕግ ትምህርት ቤት ጀምሮ አብሮኝ አለ።

እትየ ብርሃን | መጋቢት 8፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ ሰላማዊት፣ ለእናትሽ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ። ጠበቃው ወንድሜ ግን አንድ ነገር ይስማኝ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ሌሊት ከቤት ወሰዱት። 19 ዓመቱ ነበር። ጠዋት እናቴ አስከሬኑን መንገድ ዳር አገኘችው፤ ለመውሰድ ስትለምን የተተኮሰበትን ጥይት ዋጋ ክፈይ አሏት። ነጠላዋን ሸጣ ከፈለች። ማልቀስም ተከልክላ ነበር። እናቴ ጥቁር እንደለበሰች 31 ዓመት ኖራ ሞተች። ወንድሜን የወሰደው ሰው እዚያው ከተማ ሸምግሎ፣ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ተከብቦ አረፈ። ፍርድ ቤት አልቀረበም። እናቴ በመንገድ ስታገኘው ምንም አትለውም ነበር፤ ቤት ገብታ ግን «ፈራጅ አለ» ትላለች። ሁለት ቃል። ከእብደት ያተረፏት እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው።

ምሁራን ገሃነምን ስታሳጥሩና ስታለዝቡ እኔ የእናቴን ዕንባ አስባለሁ። ያ ሰው ያለ ንስሐ ከእናቴ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል ካላችሁኝ፣ ያ ለእኔ ምሥራች አይደለም። የሚወርደው ቅጣት ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም፣ ደግሞም እንዲቃጠል አልመኝም፤ ተመኝቼ አውቃለሁ፣ ተናዝዤበታለሁ። ግን ስሙ ተጠርቶ፣ የእናቴም ስም ተጠርቶ፣ በፊቷ ቆሞ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት አለበት።

ጠበቃ ከመገናኛ | መጋቢት 8፣ ከምሽቱ 2፡02

እትዬ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑር። በጻፍኩት አላፍርም፣ ግን ተበዳዩን ረስቼ የተከሳሹን ብቻ ጽፌ ነበር። የሙያ ልማድ ነው። የእርስዎ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከእኔ ሙሉ ክርክር ይበልጣል።

ናሆም | መጋቢት 8፣ ከምሽቱ 3፡44

ሁላችሁም ስለ ሰው መብት ነው የምታወሩት። ሮሜ 9 «ሸክላ ሠሪ ከአንዱ ጭቃ ክፍል አንዱን ዕቃ ለክብር አንዱንም ለውርደት ሊሠራ በጭቃ ላይ ሥልጣን የለውምን?» ይላል። በእግዚአብሔር ፊት ማንም የሚገባው ቅጣት እንጂ ሌላ የለም። አንድ እንኳ ቢያድን ጸጋ ነው። ለቀሩት ዕዳ የለበትም። የሰላማዊት ሦስተኛ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ የፈጠረው ለክብሩ ነው። መራራ ቢሆንም ቃሉ ነው።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ | መጋቢት 9፣ ከጠዋቱ 3፡00

ናሆም፣ አያቴም እናቴም ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ሰው ሲሰድበን ያደግነው በዚህ ሙያ ነው፤ ስለዚህ ይህን ጥቅስ ስሰማ ዝም አልልም።

ኤርምያስ 18ን አንብበው። ነቢዩ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ሲወርድ ዕቃው በሠሪው እጅ ተበላሽቶ ነበር፤ ሠሪውም መልሶ ሌላ ዕቃ አድርጎ ሠራው። አልጣለውም። እውነቴን ነው፣ ሸክላ ሠሪ ጭቃ አትጥልም። አፈሩን ከሩቅ በጀርባዋ ተሸክማ አምጥታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በእግሯ ረግጣ ያቦካችው ነው። ለመስበር የሚሠራ ጀበና አላየሁም።

«ከተተኮሰ በኋላስ?» ትለኝ ይሆናል። እሳት የነካው ሸክላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፣ ትክክል ነው። ግን እናቴ የተሰበረውን ገል ሰብስባ ትወቅጠዋለች፣ ታደቅቀዋለች፣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ትለውሰዋለች። አዲሱ ምጣድ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የሚያጠነክረው እሱ ነው። ሸክላ ሠሪ ቤት ውስጥ እሳት ያለፈበትና የተሰበረም ሥራ አለው። ጳውሎስም በዚያው ምክንያቱን ሲጨርስ የት እንደደረሰ ሮሜ 11፡32 ላይ ታገኘዋለህ፤ እግዚአብሔር ሁሉን በአለመታዘዝ የዘጋው ሁሉን ይምር ዘንድ ነው።

ናሆም | መጋቢት 9፣ ከጠዋቱ 3፡35

ስለ ገሉ አላውቅም ነበር። በሮሜ 11 ላይ «ሁሉ» አይሁድና አሕዛብ ማለት ነው ብዬ ነው የማምነው። ግን ኤርምያስ 18ን ዛሬ እንደገና አነበዋለሁ።

ሙሉቀን ከዴንቨር | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 1፡15

ማንም ያላነሳው ሦስተኛ መንገድ አለ። በአድቬንቲስት ቤት ነው ያደግኩት፤ እኛ ኃጢአተኛ ለዘላለም ይሠቃያል ብለን አናምንም፣ ይጠፋል ብለን ነው የምናምነው። የማይሞት እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፡16። ነፍስ በራሷ የማትሞት አይደለችም፤ የዘላለም ሕይወት ስጦታ ነው፣ ያልተቀበለው ሰው ሕይወት የለውም። ጌታ በማቴዎስ 10፡28 ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም «ሊያጠፋ» የሚችለውን ፍሩ አለ። የዮሐንስ ራእይም የእሳቱን ባሕር ሁለተኛው ሞት ነው የሚለው።

«የሥቃያቸው ጢስ ለዘላለም ይወጣል» የሚለውን የምታመጡ ኢሳይያስ 34ን እዩ። ስለ ኤዶም ምድር ያንኑ ቃል ይናገራል፤ ጢስዋ ለዘላለም ይወጣል ይላል። ኤዶም ዛሬ አይጤስም። ይሁዳ 7 ሰዶምና ገሞራ የዘላለም እሳት ቅጣት ተቀበሉ ይላል፤ ዛሬ የሚነድ የለም። እሳቱ የዘላለም የሆነው ውጤቱ ስለማይመለስ ነው። ጆን ስቶት የተባለው ታዋቂ የእንግሊዝ ወንጌላዊ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ወደዚህ ሐሳብ እንደሚያዘነብል ሲጽፍ ብዙ ወዳጆቹ ደንግጠውበታል፤ እርሱ ግን የመጽሐፍ ቅዱስን ሥልጣን የካደ ሰው አይደለም።

ለእናትሽ የምለው፣ እህቴ፣ ወንድምሽ እየተቃጠለ አይደለም። ተኝቷል። ጌታ እስኪጠራው።

ቃለአብ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 1፡50

የኢሳይያስ 34ቱ ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ እንዳልሰማሁ አልሆንም። ማቴዎስ 25 ላይ ግን «ቅጣት» ነው ያለው፤ የሌለ ሰው እየተቀጣ ነው አይባልም የሚል ሐሳብ ይቀረኛል።

የቅኔ ተማሪ | መጋቢት 9፣ ከሌሊቱ 5፡30

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ ቃሉ ትንሽ ልጨምር፤ ከዚያ ሁላችንም የረሳናትን አንዲት ኢትዮጵያዊት አነሳለሁ።

«ዓለም» በግእዝ ዓለም ነው፣ ዘመንም ነው። ዕብራይስጡ ዖላም፣ ግሪኩ አዮን ከዚሁ ጋር ይሄዳሉ። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የምንሰማው ዮናስ በዓሣው ሆድ ሆኖ የምድር መወርወሪያ «ለዘላለም» እንደተዘጋበት ይጸልያል። ሦስት ቀን ነበር። ለእርሱ ግን ከውስጥ ሲታይ ዘላለም ነው። ይህን ይዘው «ዘላለም ማለት ረጅም ዘመን ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ እዚያ አልደርስም፤ ያው ቃል ለእግዚአብሔርም ይነገራልና። ቃሉ ብቻውን ለማናችሁም አይፈርድም፤ ቃለአብንም አይረዳም፣ ተቃራኒውንም አይረዳም።

አባቶችም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። የባስልዮስ ወንድም የኑሲሱ ጎርጎርዮስ፣ በ381 (እ.ኤ.አ.) በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የነበረው፣ እሳቱ ወርቅን ከአፈር እንደሚለይ እሳት ነው፣ በመጨረሻም ክፋት ሁሉ ያልቃል ብሎ አስተምሯል። ይህን የጻፈው ልትሞት በተቃረበች እህቱ በመቅሪና አልጋ አጠገብ ሆነው እንደተነጋገሩት አድርጎ ነው፤ እንደ አንቺ በሐዘን ውስጥ ሆኖ ማለት ነው። ማንም አላወገዘውም። መነኮሳቶቻችን የሚያነቡት ማር ይስሐቅ፣ የ7ኛው መቶ ዘመን ሶርያዊ፣ በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ይላል፤ የወደደህን እንደበደልክ ማወቅ ከእሳት ይልቅ ያቃጥላል ማለቱ ነው። ለብዙ ዘመን ጠፍቶ የነበረው የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል በ1983 (እ.ኤ.አ.) በኦክስፎርድ ሲገኝ ገሃነም የምሕረት ፍጻሜ እንዳለው ተስፋ የሚያደርግበት ጽሑፍ አብሮ ተገኝቷል። በሌላ ወገን የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀን አለ፣ ቀደም ብለው ይህን መንገድ ከያዙት አንዱ። በ553ቱ (እ.ኤ.አ.) ጉባኤ ስለ ተወገዘ ብቻ ብትሉ፣ ያ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን ከማትቀበለው ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ስለሆነ እኛን አይመለከትም። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ግን በ400 (እ.ኤ.አ.) ላይ አውግዞታል፤ እስክንድርያ ደግሞ እናታችን ነበረች። ስለዚህ ዲያቆኑ ያስተማረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ የተስፋው ድምፅም ከደጅ የመጣ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ እርሷ። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በጣና የነበረችው። ገድሏ እንደሚናገረው እግዚአብሔርን ምን ለመነችው? ዲያብሎስን እንዲታረቀው። የአዳም ልጆች ከሥቃይ እንዲያርፉ ብላ። እግዚአብሔርም አልተቆጣትም፤ እሺ ካለ ሂጂና አምጪው አላት፣ ሚካኤልንም አብሯት ላከ። ወረደች። «ና፣ ከፈጣሪህ ጋር ላስታርቅህ» አለችው። እሱ ግን እጇን ይዞ ወደ ራሱ ጎተታት። ሚካኤል ደረሰላት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ።

ይህን ገድል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የሚገርመኝ፣ እንቢታው የመጣው ከታች መሆኑ ነው። ከላይ እንቢ ያለ የለም። የእርቅ መልእክተኛ እስከ ሲኦል ድረስ የሚልክ አምላክ ነው በዚያ ገድል ያለው። ሰላማዊት፣ «የሚወደውን ማድረግ ያቃተዋል?» ላልሽው የእኛ እናቶች ያገኙት መልስ ይህ ነው። አጎትሽ እግዚአብሔርን እጁን ይዞ የጎተተ ሰው አይደለም። የተኳረፈ ሰው ነው። የሚያኮርፍ ሰው የማይወደውን አያኮርፍም።

ሄኖክ | መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ስለ ፈቃድ ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። ታናሽ ወንድሜ በመጠጥ ከተያዘ 9 ዓመቱ ነው። እንደሚገድለው ያውቃል፣ ጉበቱን በሐኪም አይቷል። «መርጦ ነው» ይሉኛል። እኔ ስለማየው ነው የምናገረው፤ እየመረጠ አይደለም። እየመረጠ ሳለ የመምረጫው አካል ታሟል። ነፃ ሆኖ፣ እውነቱን በሙሉ ዓይኑ እያየ እሳትን የሚመርጥ ሰው አለ? ካየና ከመረጠ ታሟል፤ ከታመመ ደግሞ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፣ ዳኛ አይደለም። ካላየ ደግሞ ገና አልመረጠም።

ዲያቆን ወልደ ሥላሴ | መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 2፡05

ሄኖክ፣ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም። አባቶች ጌታን «መድኃኒት»፣ ቤተ ክርስቲያንንም ሐኪም ቤት ይሉ ነበር። በሽታው ራሱ ወደ ፈቃድ ሲለወጥ፣ ሰውየውና በሽታው መለየት ሲያቅት፣ ያኔ ገሃነም ይባላል ብዬ አስባለሁ። ያ መቼ እንደሚሆን የሚያውቀው ልብን የሚመረምረው ብቻ ነው። ወንድምህ ሲመጣ በሩን ትከፍትለታለህ?

ሄኖክ | መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 2፡11

አልቆልፈውም። ማታ ማታ መወርወሪያውን ሳልጥል ነው የምተኛው።

ሰላማዊት ከሐዋሳ | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 4፡40

ሁሉንም ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዳንዱን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የእትየ ብርሃንን ሳነብ አለቀሰች፣ «ይህቺ ሴት ታውቃለች» አለች። የክርስቶስ ሠምራን ታሪክ ለካ እሷ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆኜ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የረሳሁት። «ሚካኤል ባይደርስላት ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር እኮ» አለችኝ፣ ልክ ጎረቤቷ እንደሆነች ሁሉ።

እምነቴን አልተውኩም። ቃለአብ የጻፈው አሁንም ይከብደኛል፣ አሁንም ማቴዎስ 25 ከፊቴ አለ፤ ላጠፋው አልችልም፣ ላጠፋውም አልፈልግም፣ ምክንያቱም የእትየ ብርሃን እናት እዚያ ውስጥ ናቸው። ሄኖክ ያልከውንም መመለስ አልቻልኩም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፤ ያ አገልጋይ ያነበበው ፍርድ አልተጻፈም። ዛሬ ከሰዓት ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። መጀመሪያ ተከራከረኝ። በኋላ እናቴ እንደማትተኛ ስነግረው ዝም አለ። ቤት መጥቶ ሊያናግራት ቃል ገብቷል፤ ይመጣ እንደሆነ እናያለን።

ትናንት ማታ የልብስ ስፌት መኪናውን ከሱቁ ወደ ቤት አመጣነው። መርፌው ላይ ሰማያዊ ክር እንደተሰካ ነበር፣ የዩኒፎርም ክር። የማን ልጅ እንደሆነ አላወቅንም። እናቴ ክሩን አላወጣችውም። ብርድ ልብሷን ለብሳ አጠገቡ ተኛች።

አርባው መጋቢት 23 ነው። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ውስጥ ገብቼ ምን እንደምል አላውቅም።

ዲያቆን ወልደ ሥላሴ | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 5፡02

ምንም ባትይ ችግር የለም፣ እናትሽ አጠገብ ቁሚ። እኔም በዚያ ቀን በቅዳሴ ላይ አስባቸዋለሁ። የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?

ሰላማዊት ከሐዋሳ | መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 5፡19

እናቴን ቀስቅሼ ጠየቅኳት። ወልደ ሚካኤል።

ነፍስ ይማር።